የጢስ ማውጫ ለጩኸት አይገዛም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ከሚሴ ኑሮዋ ከመንገዱ ጋር የተሳሰረ የንግድ ከተማ ናት። ከደዋ ጨፋና ከአርጡማ ፉርሲ ገጠር የሚሰበሰበው ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ፣ እሑድ ወደ ሰንበቴ፣ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚሄደው ሸቀጥ፣ ከገበያም የሚመለሰው በግና ፍየል፣ ትልቁ የጭነት መኪና በማይደርስበት ሥፍራ ሁሉ የሚጓጓዘው በፒክአፕ ነው። ስለዚህ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚነግድ ሰው ፒክአፑን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሚዛኑና እንደ መጋዘኑ ቁልፍ አድርጎ ሊመለከተው ይገባዋል።

ይሁን እንጂ በእነዚህ መኪናዎች ላይ አንድ የማይጠቅም ልማድ ሾልኮ ገብቷል። ይኸውም ከፋብሪካ የመጣው የጢስ ማውጫ ሲያረጅ፣ አንዳንድ ጊዜም ገና ሳያረጅ፣ አስወልቆ በምትኩ ድምፁ የሚያስገመግም ሌላ ማስገጠም ነው። አንዱ «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ያደርገዋል፤ ሌላው «መኪናዬ ሲመጣ ከሩቅ ይታወቃል» ብሎ ያደርገዋል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የነጋዴው ገንዘብ፣ የሾፌሩና የረዳቱ ሳንባ፣ የጎረቤቱም እንቅልፍ ስላሉበት ነጋዴዎች በግልጥ ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው። የጢስ ማውጫ የሚመረጠው ጢሱን ከሰውና ከዕቃ አርቆ ስለሚያወጣ፣ ድምፁን ስለሚያበርድና ለብዙ ጊዜ ስለሚቆይ እንጂ ስለሚጮኽ አይደለም። ዕቃው ከተመረጠ በኋላም ጥቅሙን ወይም ጉዳቱን የሚወስነው የአገጣጠሙ ጥንቃቄ ነው።

በጋራዥ ቋንቋ ማርሚታ የሚባለው ዕቃ ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛ ሲሆን ትርጓሜው ድስት ማለት ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ ጋቢናና ካሶኒ ከተባሉት ቃላት ጋር አብሮ ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ይህ ድስት ውስጡ ባዶ አይደለም። በቀዳዳ ቱቦዎችና በቀጫጭን ግድግዳዎች የተከፋፈለ በመሆኑ ከሞተሩ እየፈነዳ የሚወጣው ጢስ በየክፍሉ እየተበተነና እየተጋጨ የድምፁን ኃይል ያጣል። ሚልተን ሪቭስና ማርሻል ሪቭስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ለዚህ መሣሪያ የፈጠራ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን፣ ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ የመጣላቸው ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በ1900 ዓ.ም. ነው። አውቶሞቢልን የፈለሰፈው ትውልድ ራሱ ጩኸቱን እንደ ጉልበት ምልክት ሳይሆን እንደ ጉድለት ቆጥሮ መድኃኒት እንደ ፈለገለት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ማርሚታው የመላው መሥመር አንድ ክፍል ብቻ ነው። መሥመሩ ከሞተሩ ጎን ጢሱን ከሚሰበስበው ቱቦ ይነሣል፤ ቱርቦ ባለው መኪና በቱርቦው ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም በታችኛው ቱቦ፣ ካለም በጢስ ማጣሪያው በኩል አልፎ ማርሚታው ይደርሳል፤ በመጨረሻም በጅራቱ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። «ማርሚታ ልቀይር» የሚል ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የተበላሸው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ነው። አንድ መጋጠሚያ ስለ ተነፈሰ ብቻ መላውን መሥመር የሚያስቀይር ሰው ስለ አንድ የበሰበሰ ቆርቆሮ የመጋዘኑን ጣራ በሙሉ እንደሚያስነሣ ሰው ይቈጠራል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ዋጋው አብሮ ወጣ። እንግዲህ በእጅ ያለው ፒክአፕ ለብዙ ዓመታት መሥራቱ ግድ ነው። መኪናው በቆየ መጠን ደግሞ ጢስ ማውጫው መበሳቱ አይቀርም። ስለዚህ የነጋዴው ጥያቄ መቀየር አለመቀየሩ ሳይሆን በምን እንደሚቀይር ነው።

ጉልበት ይጨምራል የሚለው ክርክር በቅድሚያ ሊመረመር ይገባል። ለምሳሌ ያህል አንድ የከሚሴ የእህል ነጋዴ ይታሰብ። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ተመልሶ «ሐጂ፣ መኪናው ታፍኗል፤ ደብረ ሲና አቀበቱ ላይ አልሳብ አለኝ፤ ማርሚታው ይከፈት» ይላቸዋል። ነጋዴውም የሾፌሩን ቃል አምነው ገንዘብ ያወጣሉ። ማርሚታው ይከፈታል፤ መኪናው ይጮኻል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ግን አቀበቱ ያው አቀበት፣ መኪናውም ያው መኪና ይሆናል።

ምክንያቱ ከቱቦው ሳይሆን ከአየሩ ነው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር ጥቂት ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያለች ስትሆን የጣርማበር ዋሻ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ ከከሚሴው ጋር ሲነጻጸርም በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር በዚሁ ልክ ስለሚያንስ የሚረጨው ናፍጣ በሙሉ አይቃጠልም። ያልተቃጠለውም ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ጉልበቱም ይደክማል። በአገራችን ብዙ የሚታዩት የቶዮታ 5ኤል ባለ 2,986 ሲሲ ሞተርና ባለ 4,164 ሲሲው 1ኤች ዜድ ሁለቱም ቱርቦ የሌላቸው ናፍጣ ሞተሮች ናቸው። በእነዚህ ላይ የማርሚታውን ሆድ ቀድዶ ማውጣት በጣርማበር የጎደለውን አየር አይመልስም።

እንግዲያው መኪና ደከመ በተባለ ጊዜ ወደ ማርሚታው ከመሄድ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ፊተኛው የአየር ፊልትሮው ነው። በበጋ ወራት ከአስፋልቱ ወጥቶ በገጠር መንገድ የሚመላለስ ፒክአፕ ፊልትሮው በአጭር ጊዜ በአቧራ ይደፈናል። ቀጥሎ የናፍጣ ፊልትሮው፣ የነዳጅ መርጫዎቹ፣ የፍሪሲዮኑ መንሸራተት፣ የፍሬኑም መያዝ በየተራቸው ይመረመራሉ። እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ሳለ መኪናው ከደከመ፣ ማርሚታው በእርግጥ ውስጡ ተንኮታኩቶ ጢሱን አፍኖ ሊሆን ይችላል። ይህንንም ሲያንኳኩት እንደ ተሰበረ ሸክላ በመንኳኳቱ፣ የጢሱም አወጣጥ ደካማ በመሆኑ መለየት ይቻላል። ከፊልትሮው ጀምሮ ያልመረመረ መካኒክ ስለ ማርሚታ የሚሰጠው ፍርድ ገና ማስረጃ ያልቀረበበት ፍርድ ነው።

የቱቦው ስፋትም በዚሁ መንገድ በስሌት እንጂ በምኞት አይወሰንም። ባለ 3 ኢንች ቱቦ ከባለ 2 ኢንቹ በአንድ ኢንች ብቻ የሚበልጥ ቢመስልም ጢሱ የሚያልፍበት አፉ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ በትክክሉ 2.25 እጥፍ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር፣ ለምሳሌ ባለ 2,494 ሲሲው የቶዮታ 2ኬዲ፣ ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ ሰፋ ቢልለት መጠነኛ ጥቅም ያገኛል። ለዚህም ባለ 2.5 ኢንች ቱቦ የሚበቃ ነው። ቱርቦ ለሌለው ሞተር ግን ፋብሪካው የወሰነውን ስፋት መጠበቅ ወይም በጥቂቱ ብቻ ማለፍ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሰፋ ቱቦ የሚያመጣው ትርፍ ድምፅ ብቻ ነው። ይልቁንም ስፋቱን የሚያበላሸው ኩርባው ነው። ቱቦው በሚታጠፍበት ጊዜ ከተጨፈለቀ ባለ 2.5 ኢንቹ በጠበበበት ቦታ ከባለ 2 ኢንች ሊያንስ ይችላልና ገዢው ዋጋ ከመክፈሉ በፊት እያንዳንዱን ኩርባ በእጁ ሊዳስስ ይገባዋል።

ከገንዘቡም በላይ የሚከብደው የሰው ነገር ነው። በዚህ አገር የፒክአፕ ካሶኒ የሚጭነው እህል ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ረዳቱና ጫኙ፣ አንዳንድ ጊዜም ገበያተኛው ከነልጁ በሸራ ሥር ተቀምጦ ይጓዛል። መኪና በፍጥነት በሚሄድበት ጊዜ ከኋላው ያለው አየር ስለሚሳሳ ጢሱ ወደ ኋላ ተበትኖ እንደ መሄድ ተመልሶ ወደ ሸራው ውስጥ ይሳባል። የጅራቱ ቱቦ አጥሮ በካሶኒው ሥር ከቀረ ወይም መጋጠሚያው ከተነፈሰ ሸራው የጢስ ቤት ሆነ ማለት ነው። በቤንዚን ሞተር ጢስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውየው ራሱን አሞት እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ሊሞት ይችላል። የናፍጣ ጢስ ከዚህ ጋዝ ያነሰ ቢይዝም በጥቀርሻው ይከፋል። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መድቦታል። በጋቢናው ወለል ላይ አንዲት ቀዳዳ ካለች ደግሞ አደጋው ሌሊቱን ሙሉ ለሚነዳው ሾፌርም ይተርፋል።

ጩኸቱም ቢሆን ከንቱ ድምፅ ብቻ አይደለም። ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ለሰው ጆሮ እጥፍ ሆኖ ይሰማል። የሥራ ጤና ባለሙያዎችም በቀን ለ8 ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ የሚሰማ ሰው መስሚያው ቀስ በቀስ እንደሚጎዳ ያስተምራሉ። ማርሚታው በተከፈተ መኪና ከከሚሴ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ጆሮው ይደክማል። ከኋላው የሚነፋለትን ጥሩምባ አይሰማም፤ የሞተሩንም የብልሽት ምልክት በጊዜው አይለይም። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ አውራ ጎዳናው ከተማዋን መሐል ለመሐል የሚያቋርጥ በመሆኑ በሽተኛው፣ ተማሪውና አራሷ የሚያድሩት በዚሁ መንገድ ዳር ነው። ነጋዴ ስሙ ሀብቱ ነው። ሌሊት በመንደር የሚያስጮኽ መኪና ያለው ሰው ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ደንበኛው በምን ዐይን እንደሚመለከተው ሳያስብ አይቀርም።

ምርጫው እንዴት ይሁን የተባለ እንደ ሆነ በገበያ ላይ ያለው ዕቃ በአራት ይከፈላል። አንደኛው የመኪናው ፋብሪካ የሚያወጣው አዲስ ዕቃ ነው፤ በልኩ ይገጥማል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሁለተኛው ሌሎች ፋብሪካዎች ለዚያው መኪና ብለው የሚሠሩት አዲስ ዕቃ ሲሆን ጥሩውም መጥፎውም በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ሦስተኛው በአዲስ አበባ በሶማሌ ተራ እንደሚሸጠው ያለ ያገለገለ ዕቃ ነው። አራተኛው በአካባቢው በብየዳ የሚሠራው ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ «ይህ ነው» ብሎ መወሰን አይቻልም። ዐዋቂ በያጅ በጥሩ ቱቦ የሠራው መሥመር በካርቶን ታሽጎ ከመጣ ደካማ ዕቃ ሊበልጥ ይችላል። ያገለገለ ዕቃ ደግሞ ውጭው ተጠርጎና ቀለም ተቀብቶ ሲቀርብ ውስጡ በዝገት ያለቀ ሊሆን ስለሚችል ማንሣት፣ መነቅነቅና በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ማንኳኳት ያስፈልጋል።

ስለ ብረቱ ገዢው ጥቂት ነገር ቢያውቅ አይታለልም። ተራው ብረት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ፈጥኖ ይዝጋል። አሉሚኒየም የተለበጠው ከዚያ ይበልጣል። የማይዝጉ ከሚባሉት ብረቶች ለጢስ ማውጫ የሚውሉት በተለይ 409 እና 304 የሚባሉት ናቸው። ማግኔት በ409 ላይ ይጣበቃል፤ በ304 ላይ ግን አይጣበቅም። ስለዚህ ሻጩ «304 ነው» ብሎ ዋጋ ሲጠራ በኪስ የተያዘች ትንሽ ማግኔት እውነቱን ትናገራለች። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ለፒክአፕ ሥራ ደኅና ነው። ከሁሉ ይልቅ መራቅ የሚገባው ዚንክ ከተለበጠ የውሃ ቱቦ ነው። ዚንክ ከ907 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲግል ይተናል። የብየዳው ሙቀት ከዚያ እጅግ ስለሚበልጥ ትነቱን የሚተነፍሰው በያጅ ማታውን በትኩሳትና በብርድ ብርድ ይንቀጠቀጣል። በነጋዴው ቁጠባ ምክንያት የሚታመመው ያ ወጣት ሠራተኛ ነው።

ዝገት ከውጭ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ውሃም ይፈጠራል። መኪናው ከሱቅ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ሱቅ በአጭር በአጭሩ ብቻ የተመላለሰ እንደ ሆነ ማርሚታው ሳይግል ስለሚቀር ውሃው በሆዱ ተጠራቅሞ ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ከታች ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ያለው ማርሚታ ጉድለት ያለበት ዕቃ ሳይሆን በጥንቃቄ የተሠራ ዕቃ ነው። በክረምት ቦርከና ሲሞላና የጨፋ ሜዳ ሲረጥብ፣ በየመንገዱም ያሉት ወንዞች ሲወርዱ የጅራቱ ቱቦ ዝቅ ብሎ የተገጠመ መኪና ውሃ ይጠጣል። ከፍታውም ይህን አስቦ መወሰን አለበት።

አሁን ወደ አገጣጠሙ ሲመጣ ዋናው ስሕተት ጥድፊያ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ በአንድ ሰዓት የተገጠመ መሥመር በአንድ ወር ውስጥ ይፈታል። ሥራው የሚጀመረው መኪናው ቀዝቅዞ፣ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ቆሞ ነው። ብየዳ የሚኖር ከሆነ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ አስቀድሞ ይፈታል፤ የብየዳው መሬት ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዛል፤ አለዚያ የመኪናው የኤሌክትሪክ ዕቃ ይቃጠላል። በነዳጅ ታንክ አጠገብ ብየዳ ፈጽሞ አይደረግም፤ ያ ክፍል ተፈትቶ ወጥቶ በሩቅ ይበየዳል። የማይዝገውን ብረት ከተራው ብረት ጋር ለማጋጠም ደግሞ 309 የተባለው ኤሌክትሮድ እንጂ ያገኙት ሁሉ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ መሥመሩ ከፊት ወደ ኋላ ይሰቀላል፤ ብሎኖቹ ግን በመጀመሪያ ላላ ተደርገው ይተዋሉ። መሥመሩ በሙሉ ተስተካክሎ የትም እንዳልነካ ከታየ በኋላ እንደገና ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ይጠብቃል። አሮጌ ጋስኬት በአዲስ ቱቦ ላይ አይመለስም። ማንጠልጠያው ላስቲክ ይሁን። ሞተሩ ሲሠራ ስለሚወዛወዝ መሥመሩን በብረት ከሻንሲው ጋር መበየድ ማለት ቱቦው የት ቦታ እንደሚሰነጠቅ አስቀድሞ መወሰን ነው። ቱቦው ከነዳጅ ታንክ፣ ከፍሬን ጎማ ቱቦ፣ ከትርፍ ጎማና ከካሶኒው እንጨት ሊርቅ ይገባል፤ መራቅ ካልቻለም በመካከል የሙቀት መከላከያ ላሜራ ይግባ። ማሽላና ጭድ የሚጫንበት መኪና በቱቦ ሙቀት እሳት ሊነሣበት እንደሚችል መርሳት አይገባም። የጅራቱ አፍ ከካሶኒው ጠርዝ አልፎ ይውጣ እንጂ ከሸራው ሥር አይቅር።

በመጨረሻ ፈተና አለ። መኪናው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሞተሩ ተነሥቶ የቱቦው አፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ይያዛል። በዚያን ጊዜ የሚያፏጭ መጋጠሚያ ካለ ይነፍሳል ማለት ነው፤ የሳሙና ውሃ ቢቀቡትም አረፋው ቦታውን ያሳያል። ብረት ሲግልና ሲበርድ ስለሚላላ መኪናው አንድ ጊዜ ደሴ ደርሶ ሲመለስ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ። ይህ ሁሉ የአንድ ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ግማሽ ቀን አይሰስትም።

ስለ ጢስ ማጣሪያውም አንድ ቃል ያስፈልጋል። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ መኪናዎች ላይ በስፋት የተገጠመውና ካታሊስት የሚባለው ይህ ዕቃ በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናትን ይይዛል። ጢሱንም ከመርዙ የሚያነጻው በእነርሱ ኃይል ነው። «ይዘጋል» እየተባለ አስወልቆ በባዶ ቱቦ መተካት ለአየሩም ለተሳፋሪውም ጉዳት ነው። በእርግጥ ተሰብሮ ወይም ተዘግቶ ከተገኘ ደግሞ አሮጌው ዕቃ የመኪናው ባለቤት ንብረት ነውና ጋራዡ ውስጥ ጥሎት መውጣት አይገባም። ስንት ሰው ለማስወለቂያ ከፍሎ ከከፈለው ይልቅ የሚያወጣውን ዕቃ ትቶ ሄዷል! «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

በዚህ ምክር ላይ የሚነሣ ተቃውሞ መኖሩ አይካድም። «ይህ ሁሉ ለባለጸጋ ነው፤ በአንድ ፒክአፕ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ዛሬ በእጁ ያለውን ይገጥማል» የሚል ሰው አለ። ችግሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስሌቱ ይታይ። ለምሳሌ ብቻ እንዲሆን አንዱ ዕቃ በ6,000 ብር ተገዝቶ 10 ወር ቢያገለግል በወር 600 ብር በላ ማለት ነው። ሌላው በ15,000 ብር ተገዝቶ 50 ወር ቢያገለግል ግን በወር የሚያስወጣው 300 ብር ብቻ ነው። በዚህ ላይ በየጊዜው ለማስገጠም የሚከፈለው፣ መኪናው ቆሞ የሚያልፈው የገበያ ቀን ሲጨመር ርካሹ ዕቃ ውድ ሆኖ ይገኛል። ገንዘብ ላጠረውም ቢሆን የሚቻል መንገድ አለ። ማርሚታው ደኅና ከሆነ መጋጠሚያውን ብቻ ማሳደስ፣ የጅራቱን ቱቦ ብቻ ማስረዘም፣ ላስቲኩን ብቻ መቀየር ይችላል። ድሀ ሊያደርገው የማይገባው ነገር ቢኖር ደኅናውን አውልቆ ለጩኸት ገንዘብ መክፈል ነው።

የሒሳቡም አያያዝ ሊታሰብበት ይገባል። ዕቃው ሲገዛም ሲገጠምም ደረሰኝ ይወሰድ። በደረሰኙም ላይ የብረቱ ዓይነት፣ የቱቦው ስፋት፣ የተገጠመበት ቀንና የመኪናው ኪሎ ሜትር ይጻፍ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ በግብር ሰብሳቢው ፊት ወጪ መሆኑን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። መዝገብ ያለው ነጋዴ ደግሞ የትኛው ዕቃ ስንት ወር እንደ ቆየለት ስለሚያውቅ ሁለተኛ ጊዜ በአንዱ ስሕተት አይወድቅም። መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ በሚቀርብበትም ጊዜ ባለቤቱ ሳይጨነቅ ይቀርባል።

ግለሰብ ብቻውን የማይችለውን ማኅበር ይችለዋል። በከሚሴም ሆነ በባቲ ያሉ የንግድ ምክር ቤት አባሎች ተመሳሳይ ፒክአፕ ያላቸው በርካታ ናቸው። እያንዳንዱ ለየብቻው ሶማሌ ተራ ሄዶ ከሚከራከር ይልቅ ዐሥሩ ተባብረው አንድ ዓይነት ደኅና ዕቃ ቢያዙ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ጥራቱንም ለመመርመር ይመቻል። ምክር ቤቱም ከየከተማው ጋራዦችና በያጆች ጋር ተነጋግሮ ስለ ብረቱ ውፍረት፣ ስለ ላስቲክ ማንጠልጠያው፣ ስለ ጅራቱ ቱቦ ርዝመትና ስለ ዋስትናው ጊዜ በአንድ ገጽ የሰፈረ ስምምነት ቢያዘጋጅ ሐቀኛው ባለሙያ ይከበራል፤ ገዢውም የሚጠይቀውን ያውቃል። ከዚህም ጋር አባሎቹ በሁለት ነገር ቃል ቢገቡ መልካም ነው። አንደኛው የጢስ ማውጫው በሚነፍስ መኪና ሰው በሸራ ሥር ላለመጫን፣ ሁለተኛውም ማርሚታው የተከፈተ መኪና ሌሊት በከተማ ውስጥ ላለመንዳት ነው።

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ወደ ባቲ የሚሄድ ፒክአፕ ጎረቤቱን ሳይቀሰቅስ ቢወጣ፣ በሸራው ሥር የተቀመጠውም ረዳት ራሱን ሳያመው ገበያ ቢደርስ፣ ባለቤቱ ለዕቃው የከፈለው ገንዘብ በከንቱ አልወጣም። እንዲህ ያለው ማርሚታ ማንም ሰው ሳያስተውለው ለዓመታት ያገለግላል፤ ገዢውም ሲመርጥ ሊመኝ የሚገባው ይህንኑ ነው።